የሕክምና ተማሪዎቻችን ክርክርና የቤተሰባችን ድርሻ

(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት የተማሪዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የእያንዳንዳችንን ቤት የሚያንኳኳ ጉዳይ ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልጆቻችን የሚማሩት ስለ ሰውነት ክፍሎችና ስለ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ስለ ሕክምና ሥነ ምግባርና ስለ ጤና ፖሊሲም ይማራሉ፤ በሁለት ወገን ሆነውም ይከራከራሉ። አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ብቻ ባለበት ሁለት ጽኑ ሕሙማን ቢመጡ ለማን ይሰጥ? የማይድን በሽታ ለታማሚው ይነገር ወይስ ለቤተሰቡ? ድሃው ለሕክምናው ማን ይክፈልለት? ሐኪም ደሞዙ ባይበቃው ሥራ ማቆም ይችላል ወይ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይነሳሉ።

እነዚህ ተማሪዎች ነገ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆመው የሚወስኑ ናቸው። ከፊሎቹም የጤና ሕግና መመሪያ የሚያረቁ ይሆናሉ። ዛሬ በክፍል ውስጥ ያሸነፈው ሐሳብ ነገ በእናታችን፣ በአባታችን፣ በልጃችን ላይ የሚሠራበት ሕግ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በዚህ ክርክር የሙስሊሙ ተማሪ ድምፅ የት አለ? የእኛስ የወላጆች ድርሻ ምንድን ነው?

ከተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሕይወትና ሞት በአላህ እጅ ሆኖ ሳለ ማን ይኑር፣ ማን ይቅደም እያሉ መከራከር ከዲን አንጻር አግባብ ነው ወይ? ይላሉ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። ከዚህ የተነሳ ከፊሎቹ ክርክሩ ሲጀመር ዝም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ይህ ሐራም ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ወርውረው ይቀመጣሉ። ዝም ያለው አማናውን አልተወጣም። ያለ ማስረጃ የተናገረውም ዲኑን አላስከበረም። ትክክለኛውን መንገድ ከሰሓቦች ታሪክ እንመልከት።

በሒጅራ አቆጣጠር በ18ኛው ዓመት አካባቢ በሻም ምድር የዐምዋስ ወረርሽኝ ተነሳ። አሚሩል ሙእሚኒን ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም እየተጓዙ ድንበሩ አካባቢ ሲደርሱ የጦር አዛዦቹ ተቀብለዋቸው የበሽታውን ወሬ ነገሯቸው። ዑመር ምን አደረጉ? ለብቻቸው አልወሰኑም። መጀመሪያ ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። ከዚያም አንሷሮችን አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽን ሽማግሌዎች ሲያማክሩ በአንድ ቃል ሕዝቡን ይዘው እንዲመለሱ መከሯቸው። ዑመርም ለመመለስ ወሰኑ።

በዚህ ጊዜ ታላቁ ሰሓባ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ተቃወሙ፤ ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ? ብለው ጠየቁ። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር እየሄዱ መሆናቸውን አስረዷቸው። አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ የሆነ ሸለቆን በምሳሌነት አቀረቡላቸው፤ ግመሉን በለምለሙም ያሰማራ በደረቁም ያሰማራ ሁለቱም በአላህ ቀደር ነው። በመጨረሻም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም እየሸሹ እንዳይወጣ የሚያዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ነገሯቸው። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ከሕዝባቸው ጋር በሻም ቆዩ፤ በዚያው ወረርሽኝም ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይውደድላቸው።

እህቶቼ ወንድሞቼ! ይህ ምንድን ነው? ስለ ሕዝብ ጤና የተደረገ ክርክር ነው። የሕዝብ መሪ አለበት፣ ምክክር አለበት፣ ተቃውሞ አለበት፣ ማስረጃ አለበት። ማንም ማንንም እምነተ ደካማ አላለም። እንግዲያውስ ስለ ሕይወትና ሞት መመካከር ከቀደር መሸሽ አይደለም። ሰበብ ማድረስ ራሱ ኢባዳ ነው።

ሙስሊሙ ለሕክምና ሥነ ምግባር እንግዳ አይደለም። ሕክምና ሳያውቅ ያከመና ጉዳት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። በ319 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 931) በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሲሞት ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ማንም ሳይፈተን እንዳያክም አዘዙ። ፈተናውን የመራው ሲናን ኢብኑ ሣቢት ሲሆን የተፈተኑትም ከ860 በላይ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረው ኢስሓቅ ኢብኑ ዐሊ አር-ሩሃዊ ስለ ሐኪም አደብ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፏል።

ማን ይክፈል? ለሚለው ጥያቄም አባቶቻችን በወቅፍ መልስ ሰጥተዋል። በ683 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1284) ሱልጣን ቀላዉን በካይሮ የሠሩት ሆስፒታል ሀብታምና ድሃ፣ ወንድና ሴት ሳይል ሁሉን ይቀበል ነበር። ወጪውም ለዚሁ ከተሰጡ ሱቆችና ይዞታዎች ገቢ ይሸፈን ነበር። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) ደግሞ ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረው፣ በዘመናቸው ብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም አጥተው ሳለ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር መጉረፉን ነቅፈዋል። ራሳቸው የፊቅህ ሊቅ ሆነው ይህን ማለታቸውን ልብ በሉ።

አሁን በየትምህርት ቤቱ ወደሚነሱት ጥያቄዎች እንምጣ። ሦስቱን ብቻ እናንሳ።

የመጀመሪያው የመተንፈሻ መሣሪያና የአንጎል ሞት ጉዳይ ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ሥራ አቁሞ፣ ልቡ ግን በመሣሪያ እርዳታ ሊመታ ይችላል። ይህ ሰው ሞቷል ወይስ አለ? መሣሪያውን መንቀል ይፈቀዳል ወይ? የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1986 በዐማን፣ ዮርዳኖስ ባደረገው ጉባኤ፣ የአንጎል ሥራ በሙሉ ከቆመና ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የማይመለስ መሆኑን፣ አንጎሉም መበስበስ መጀመሩን ካረጋገጡ ሰውየው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ መሣሪያውንም መንቀል ይፈቀዳል ሲል ወሰነ። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ሦስት ልዩ ባለሙያ ሐኪሞች ካረጋገጡ መሣሪያውን መንቀል እንደሚፈቀድ ተስማማ። ነገር ግን ልብና ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ እስኪቆሙ ድረስ ሰውየው በሸሪዓ እንደ ሞተ አይቆጠርም አለ።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ውርስ መቼ ይከፈላል? የሚስት ዒዳ ከየትኛው ሰዓት ይቆጠራል? አካል ለመለገስስ ይቻላል ወይ? ይህ ሁሉ በእሱ ላይ ይመሠረታል። ሁለቱም ጉባኤዎች ዑለማዎችን ሰብስበዋል፤ ሐኪሞችንም ሰምተዋል፤ በአንዱ ነጥብ ተስማምተው በሌላው ተለያይተዋል። ተማሪያችን በክርክር ላይ «ኢስላም መሣሪያ መንቀልን በፍጹም ይከለክላል» ቢል ተሳስቷል። «ዑለማዎች ጉዳዩን ጨርሰውታል» ቢልም ተሳስቷል። ይህን ዝርዝር ይዞ የቀረበ ተማሪ ግን የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ የሚያዳምጡት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። የሚድን ሰውን መሣሪያ ነቅሎ ለሌላ መስጠት ሌላ ነው፤ ማቆየት የማይጠቅመውን መንቀል ሌላ ነው። የታማሚውን ሕይወት ሆን ብሎ በመርፌም ሆነ በመድኃኒት ማጥፋት ደግሞ ታማሚው ቢጠይቅም የማይፈቀድ ነፍስ መግደል ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ደባልቆ መከራከር ብዙዎችን ያሳስታል።

ሁለተኛው የፈቃድና የእውነት ጉዳይ ነው። በመላው ዓለም ያሉ የሕክምና ተማሪዎች አራት መሠረቶችን ይማራሉ፤ የታማሚውን በራሱ የመወሰን መብት ማክበር፣ ለእሱ በጎ ማድረግ፣ ጉዳት አለማድረስና ፍትሕ። ከፊሎቻችን የመጀመሪያው የምዕራባውያን ነው፤ በእኛ ዘንድ የሚወስነው ቤተሰብ ነው እንላለን። እስኪ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1992 በጅዳ ያሳለፈውን ውሳኔ እንመልከት። ታማሚው አቅመ አዳምና አእምሮው ሙሉ ከሆነ ለመታከም የእሱ ፈቃድ ይጠየቃል። ካልሆነ ወሊይው ይጠየቃል። ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ሕክምናው ፈቃድ አይጠብቅም።

ይህ በቤታችን ምን ማለት ነው? ምጥ የጸናባት እናት ሆስፒታል ደርሳ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ይላል። እሷ ራሷ እየሰማችና እየተናገረች ሳለ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ «ባሏ ካለበት ከዓረብ አገር ይደወልለት፤ አጎቷ ሳይመጣ አይፈረምም» ይላል። ስልኩ አይነሳም። ሰዓቱ ይሄዳል። በዚህ መካከል እናቲቱ ወይም ልጇ ቢጎዱ ለአላህ ምን ብለን እንመልሳለን? ባልን ማማከር መልካም ነው፤ የትዳር ወግም ነው። ነፍስን ለአደጋ እስከ ማጋለጥ የሚያደርስ መጠበቅን ግን ሸሪዓ አላዘዘንም። አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ አስተምሮናል።

በሌላ በኩል ካንሰር የተገኘበትን አባታችንን «እንዳይደነግጥ» እያልን እውነቱን የምንደብቀው ብዙዎች ነን። አሳቢነታችን አይካድም። ነገር ግን ሰውየው ዕዳውን ሳይናገር፣ አማናውን ሳይመልስ፣ ወሲያውን ሳይተው፣ የተጣላውን ጠርቶ «አውፍ በለኝ» ሳይባባል ቢሄድ ምን ጠቀምነው? ሙስሊም ለሞት መዘጋጀት የታዘዘ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በዚህ ርእስ ሲከራከሩ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሦስተኛ መንገድ ማሳየት ይችላሉ። እውነቱ ይነገር፤ ሲነገር ግን በርኅራኄ፣ ታማሚው ማወቅ የሚፈልገውን ያህል እየተጠየቀ፣ የሚወደው ሰው አጠገቡ ባለበት፣ ተስፋው ከአላህ ሳይቆረጥ ይሁን።

በፈቃድ ጉዳይ ሌላም የሚነሳ አለ፤ ሴት ታማሚን ማን ይመርምር? የሚለው ነው። አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። በሙያው ብቁ የሆነች ሙስሊም ሴት ሐኪም ካለች እሷ ትቅደም። ካልተገኘች እምነት የሚጣልባት ሙስሊም ያልሆነች ሴት ሐኪም፣ እሷም ካልተገኘች ሙስሊም ወንድ ሐኪም፣ እሱም ካልተገኘ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ሐኪም ያክማታል። የሚታየውም ለምርመራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይሁን፤ ለብቻቸውም አይሁኑ ብሏል። እንግዲህ ወላጆች ልብ በሉ! ሴት ልጁን ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ ለሚስቱ ሴት ሐኪም የሚፈልግ ሰው ያልዘራውን ሊያጭድ የሚመኝ ነው። በክርክር መድረክ ከመጮህ በላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ልጃገረዶቻችንን አስተምሮ ለሐኪምነት ማብቃት ነው።

ሦስተኛው የፖሊሲ ጉዳይ ነው። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ሠራተኞችን እየመደበ የመከላከል ሥራን ወደ ቤት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፍቷል። አባወራዎች በየዓመቱ መዋጮ ያዋጣሉ፤ የታመመው ከዚያ ይታከማል፤ መክፈል የማይችለው ድሃ መዋጮ በመንግሥት እንዲሸፈን ተደርጓል።

ተማሪዎች፣ ቤተሰቦችም ጭምር «መድን ሐራም አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1985 የንግድ መድንን ሲከለክል፣ በመረዳዳትና በመለገስ ላይ የቆመውን የትብብር መድን አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል። ስለዚህ «መድን» የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይበቃም። ገንዘቡ የማን ነው? ትርፍ የሚወስድ አለ ወይ? የተረፈውስ የት ይገባል? ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። መዋጮው ለመረዳዳት ተዋጥቶ ነጋዴ የማያተርፍበት ሲሆን ከትብብሩ ወገን ይቀርባል። ዝርዝሩን በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። እኛም እንደ ጀመዓ ዘካውን፣ ሰደቃውንና ወቅፉን አስተባብረን ለድሃ ታማሚ መድረስ ሲገባን፣ የሌላውን ሥራ ብቻ እየተቸን መቀመጥ አይበቃንም።

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር የጤና ባለሙያዎች የደሞዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው እስከ ሥራ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ይህም በሕክምና ትምህርት ቤት የሚያከራክር ነው። ኢስላም በዚህ ላይ ሁለት ሐቆችን ያስታውሰናል። የሠራተኛ ላብ ሳይደርቅ ዋጋውን መስጠት ታዘናል፤ ስለዚህ የተራበ ሐኪም ሐቁን መጠየቁ ነውር አይደለም፤ አሠሪውም ጥያቄውን የመስማት ግዴታ አለበት። በሌላ በኩል የድንገተኛ ሕመምተኛ ነፍስ የማንም መደራደሪያ ልትሆን አትችልም። አንዱን ሐቅ ይዞ ሌላውን የጣለ ተከራካሪ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

ውድ የሕክምና ተማሪዎች! ወደ ክርክር ስትገቡ እነዚህን አደቦች ያዙ።

አንደኛ፣ ኒያችሁን አጥሩ። ተከራክሮ ማሸነፍና ሐቅን ማግኘት የተለያዩ ናቸው። ሐቁ በተቃራኒው ወገን አንደበት ቢመጣም ተቀበሉት።

ሁለተኛ፣ ሁለቱንም ዕውቀት ያዙ። ሐኪሙን ሳትጠይቁ ፈትዋ አታውሩ፤ ዑለማውን ሳትጠይቁም በሸሪዓ ስም አትናገሩ። ያላወቃችሁትን «አላውቅም» ማለት የዑለማዎች ልማድ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ ተናገሩ። በክፍላችሁ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ፤ በሆስፒታሉም እንዲሁ። ለሙስሊም ታማሚ ሶላቱ፣ ጾሙና ክብሩ እንዲጠበቅለት ስትጠይቁ፣ የሌላው ታማሚ እምነትና ክብር እንዲጠበቅ በተመሳሳይ ድምፅ ጠይቁ። አላህ (ሱ.ወ) ለሕዝቦች ያለን ስሜት ከፍትሕ እንዳያስወጣን አዞናል።

አራተኛ፣ የታማሚን ሚስጥር ጠብቁ። ክርክር ለማሳመር ብላችሁ በዋርድ ያያችሁትን ሰው በስሙ ወይም በሚታወቅበት ምልክት አታንሱ። አማና ነው።

አምስተኛ፣ የተከራከራችሁበትን ሥሩበት። በመድረክ ላይ ስለ ድሃ መብት ተናግሮ በማግስቱ ገጠሬዋን እናት «ሂጂ፣ ተሰለፊ!» ብሎ የሚያመናጭቅ ሐኪም ክርክሩን በመድረክ አሸንፎ በዋርድ ተሸንፏል።

ወላጆች ሆይ! የእናንተም ድርሻ ትልቅ ነው። ልጅ በቤቱ ሐሳቡን ተጠይቆ ካላደገ በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተነስቶ መናገር ይከብደዋል። በማዕድ ዙሪያ «አንተ ምን ትላለህ? አንቺስ?» በሉ። ከዚህም በላይ ሁላችን ጤነኛ ሳለን በየቤታችን እንመካከር። ድንገት ራሴን ብስት ማን ስለ እኔ ይወስን? ዕዳዬ የት ተጽፏል? ወሲያዬ የት አለ? ነፍሰ ጡሯ የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ማን ይዟት ይሄዳል? ገንዘቡስ ከየት ነው? ባል ሩቅ አገር ከሆነ አስቀድሞ ቃሉን ይስጥ። ዑመርና ባልደረቦቻቸው (ረ.ዐ) ወደ ወረርሽኙ ምድር ከመግባታቸው በፊት ተመካከሩ እንጂ ከገቡ በኋላ አይደለም። ያልተመካከረ ቤት በጭንቅ ሰዓት የሚጣላው በታማሚው ራስጌ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ያለፉትን በእዝነቱ ይቀበላቸው። ሐኪሞቻችንንና ተማሪዎቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት፣ ሩኅሩኅ ልብና እውነተኛ ምላስ ይስጣቸው። ቤቶቻችንን የምክክርና የሰላም ቤቶች ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።